እታለም የምትተረትረው ጠርዝ

ሰፊዋ ለእታለም በየዓመቱ አንድ ቀሚስ ትሰፋላታለች፤ በየዓመቱ እታለም ጠርዙን ትተረትረዋለች። የሰፊዋ ቂም ይኸው ነው፣ ሌላ ቂም አታውቅም። ባሏ የጭነት መኪናውን ይዞ ወር ሙሉ ድምፁ ሲጠፋ «መንገድ ነው» ብላ ታልፋለች። ደንበኛ ያሰፋችውን ልብስ «አወፈረኝ» ብላ ስትወረውርላት «እኔ ልብሱን እንጂ ሰውነትሽን አልሰፋሁትም» ብላ ስቃ ትመልሳለች። ይህቺን የጠርዝ ነገር ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ሰንቅራ ስንት ዘመን ኖረች። አትውጠው፣ አትተፋው።

እታለም ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ሰፊዋ ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም ነበር፤ እታለም ደግሞ ራሷ ልጅ ሆና ልጅ አሳዳጊ ሆነች። ልብስ ፋብሪካ ገብታ ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፣ ስትመለስ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ሁሉን ጨርሳ ደግሞ ታናሿን አጠገቧ አንበርክካ ታጸልያለች። መርፌ መያዝ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ እግዚአብሔርን «አባቴ» ብሎ መጥራት ያስተማረቻትም እሷው ናት። አስተማሪነቷ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር። ከተሳሳተች «እንደገና» ትላታለች፤ ካስተካከለች ዝም። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፤ ግን «ጎሽ» የሚባል ቃል ከዚያች ሴት አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሰፊዋ ሦስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ትምህርት ትታ ከመርፌ ጋር ስትቀር፣ በዚህ ዓለም የቀራት ፈተና አንድ ብቻ ነበር፤ እታለምን «ጎሽ» ማሰኘት።

የመጀመሪያውን ቀሚስ የሰፋችላት ሰው ቤት ተቀጥራ ሥራ እንደ ጀመረች ነው። ድንገት ልታስደስታት ስለፈለገች አልለካቻትም። ደግሞስ ምኗን ልትለካ? እታለምን አታውቃትም እንዴ? ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አሰበቻትና ካርቶን ላይ ልኳን አወጣች። በዚያው ቆረጠች፣ ሰፋች፣ ተኮሰች፣ አጣጥፋ እየሮጠች ወሰደችላት። እታለም ተቀበለቻት። ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ገለበጠችው፣ የውስጡን ስፌት በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚጡ» አለችና ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። በቃ፣ ያ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው መጣች። ሰፊዋ አጠገቧ ቆማ እየዘመረች ዓይኗን ወደ ታች ብትጥል፣ ጠርዙ የእሷ አይደለም። በስፌት መኪና የዘመዘመችው ተተርትሮ በእጅ ተሰፍቷል፤ ጥቃቅን፣ ችምችም ያለ፣ ሺህ ሰው መሃል ብታየው የማትስተው የእታለም ስፌት። መዝሙሩን አቋረጠች።

ሌላ ሰው ቢሆን «ለምን ተረተርሽው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰፊዋ ግን ግትር ናት፤ ከመጠየቅ ማሻሻል ይሻለኛል አለች። በሚቀጥለው ዓመት ጠርዙን በእጇ ዘመዘመችው። ተተረተረ። ቀጥላ በሐር ክር ሰፋችው። ተተረተረ። ሁለት እጥፍ አጥፋ ሰፋች፣ ስፌቱ ከፊት እንዳይታይ አድርጋ ሰፋች፣ ጠርዙን በጥብጣብ ለብጣ ሰፋች። እታለም ሁሉንም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚጡ» ብላ ተቀብላ፣ ሁሉንም ተርትራ፣ በራሷ እጅ ሰፍታ ለበሰችው። ቁመቱ ግን ሁሌም ልክ ነበር። እታለም ለብሳው ስትመጣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተመዝኖ የተቀመጠ ይመስላል። ሰፊዋ የምትጽናናው በዚህች ብቻ ነው። «ስፌቴን ብትንቀውም፣ ልኳን በልቤ አውቀዋለሁ» ትላለች። ያንን ካርቶን ሱቋ ግድግዳ ላይ ሰቅላ በየዓመቱ በእሱ ትቆርጣለች።

ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ ስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት ይዛለች፤ አንድ ደንበኛ ከገባ ሌላው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ግድግዳ ተጋርታት ቁልፍና ዚፕ፣ ክርና ላስቲክ የምትሸጥ ሴት አለች። ሰፈሩ ባለቁልፏ ይላታል። ባለቁልፏ አፏ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ከሰፊዋ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ረቡዕ ረቡዕም የሴቶች ጸሎት ላይ አብረው ይቀመጣሉ። ጸሎቱን የምትመራው እታለም ናት።

አንድ ረቡዕ ታዲያ እታለም ጉንፋን ይዟት ቀረች። ሲመለሱ ባለቁልፏን መንገድ ላይ ሳቅ አላስኬድ አላት።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ሰፊዋ።

«አንቺ ነሻ! እታለም ስትኖር ጸሎትሽ የማይደርስበት አገር የለም። የታመመው፣ የታሰረው፣ መንገደኛው፣ ባሕር ላይ ያለ መርከበኛ ሳይቀር። መርከበኛ ዘመድ አለሽ እንዴ? ዛሬ እሷ የለችም፤ 'ጌታ ሆይ ተመስገን፣ አሜን' ብለሽ ቁጭ! መርከበኛው ዛሬ ሰጠመ በይው።»

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው።»

«የታመመው ጉሮሮሽ አይደለም፣ ሰሚሽ ናት። አንቺ ሴትዮ፣ ለማን እንደምትጸልዪ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ አስቢበት።»

ሰፊዋ ተቀየመቻት። ሳምንቱን ሙሉ ክር የምትገዛው ከሩቅ ሱቅ ሆነ። እንዲያ የተናደደችው ደግሞ ነገሩ እውነት ስለነበረ ነው። እታለም ባለችበት ስትጸልይ ዓይኗ ይጨፈናል እንጂ ጆሮዋ ወደ እህቷ ነው፤ «አሜን» ትል እንደሆነ፣ ትንፋሿ ይለወጥ እንደሆነ። እግዚአብሔርን ራሱን ስታስበው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚታያት። ሥራዋን ገልብጦ፣ የውስጡን ስፌት በጣቱ እየተከተለ ያያል። ምንም አይናገርም። እሷም እንዲናገር ብላ ትሮጣለች፤ የዘማሪዎችን ልብስ በነፃ ትሰፋለች፣ የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃ ታጥባለች፣ «እምቢ» ማለት አፏ አያውቅም። ቤቷ ስትገባ ወገቧ አልቆ አልጋው ላይ ትዘረራለች፤ ደስታ ግን የለም።

በዚህ መሃል እታለም ጸሎቱን መምራት ልትተው እንደሆነ ተሰማ። ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷም እሺ አላላትም። ሰባኪው በጉባኤው ፊት ቆሞ «በወሩ መጨረሻ እሑድ እናታችንን በአንድነት እናመሰግናታለን» ብሎ አሳወቀ። ሰፊዋ ልቧ ዘለለ። ሰው ሁሉ እታለምን ቆሞ በሚያይበት ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ከእሷ ሌላ ማን ይሰፋዋል? ይኸውልሽ፣ የዕድሜሽ ቀን መጣልሽ አለች ለራሷ። ገበያ ሄዳ ስንት ጣቃ አስገልጣ ሰማያዊ ጨርቅ መረጠች፤ ሲዳስሱት እንደ ውሃ ከእጅ የሚያመልጥ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው፣ ካርቶኑን አወረደች፣ ጠመኔዋን አነሳች።

ባለቁልፏ ገባች። ፊቷ ላይ የወትሮው ቀልድ አልነበረም።

«እህትሽ ማዶ ናት» አለች።

«የት ማዶ?»

«የማዶው ልብስ ሰፊ ቤት። ስትገባ በዓይኔ አየኋት።»

«ልትጠይቀው ይሆናላ። ባለፈው ታሞ አልነበር?»

«በጣቃ ጨርቅ በሽተኛ ይጠየቃል እንዴ? ጨርቅ ይዛለች ነው የምልሽ።»

ሰፊዋ ጠመኔውን አስቀመጠች። ሰማያዊውን ጨርቅ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ማጠፍ እስኪያቅታት አጠፈችው። ጠርዝ መተርተር አንድ ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ ነው፣ የሁለት እህትማማቾች ነው። ሰው ሁሉ በሚያየው ቀን የባዳ ልብስ መልበስ ግን በአደባባይ «እህቴ አትችልም» ማለት ነው። እንዲህ ነው የገባት።

ከዚያ በኋላ ከረቡዕ ጸሎት ቀረች። እሑድ በመጨረሻው ወንበር ተቀምጣ ሳይጨርሱ ወጣች። እታለም «ምነው ጠፋሽ?» ብላ በባለቁልፏ ብትልክባት «ሥራ በዝቶብኛል በያት» አለች።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች ባለቁልፏ። «ወይ ቂሙን ተዪ ወይ ጸሎቱን።»

«ጸሎቱን ትቻለሁ።»

«ኧረ ተይ! ቂሙ እራት አይሆንሽ። ሄደሽ ጠይቂያት።»

«ምን ብዬ?»

«'ለምን' ብለሽ ነዋ! ሦስት ፊደል ናት፤ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምረሻል አይደል?»

ሰፊዋ ሳትወድ ፈገግ አለች። ግን ወደ እህቷ አልሄደችም። ግትር ሰው በር እያለ በመስኮት ይገባል። ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተሻግራ የማዶው ሰፊ ሱቅ ገባች። ሰውዬው ቀጭን፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ከሚናገር የሚሰፋ ዓይነት ነው። ለዓመታት ትይዩ ተቀምጠው ሠርተዋል፤ ከአንገት ሰላምታ በቀር ግን ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«የስፌት መኪናዬ ቺንጋ ተበጠሰ። ትርፍ ካለዎት ብዬ ነው» አለች። ቺንጋዋ ደኅና ነበር።

«ይግቡ እትዬ፣ ልፈልግልዎ።»

እሱ መሳቢያውን ሲበረብር እሷ ጠረጴዛውን አየች። ግራጫ ጨርቅ ተቆርጦ ተዘርግቷል። ሰፊ ዓይኑን አይከለከልም፤ የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የእጅጌውን በአንድ አፍታ አየችው።

«ይህ የማን ነው?»

ሰውዬው መሳቢያው ላይ እንዳቀረቀረ «የእህትዎ ነው» አለ።

«የእህቴማ አይደለም! ይህ የሕፃን ልክ ነው። አበላሽተውባታል! እህቴ እኮ ቁመቷ የበር ያህል ነው።»

ሌላ ሰፊ ቢሆን እዚያው ጠብ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው።

«አቁሜ ነው የለካኋቸው» አለ። «ለእኔም አጥሮብኝ ደግሜ ለካሁ። እትዬ፣ እንዳልነግርዎ አደራ ብለውኝ ነበር። አሁን ግን ከዓይንዎ ምን ልደብቅ? 'እህቴ የምትሰፋልኝ ይረዝምብኛል' ነው ያሉኝ። 'እስከ ዛሬ እኔው እያሳጠርኩ ለበስኩት። አሁን እጄ መርፌ አልይዝ አለ፣ ዓይኔም ክሩን አያይልኝ። ይረዝማል ብዬ እንዳልነግራት ደግሞ ሆደ ባሻ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ' አሉ። እኔ ምን ላድርግ? ልኬ ቆረጥኩላቸው።»

ሰፊዋ ቺንጋውን ሳትቀበል ወጣች።

ሱቋ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ለክታለች። ሙሽራ ለክታለች፣ ነፍሰ ጡር ለክታለች፣ የሚቁነጠነጥ ሕፃን እያባበለች ለክታለች፤ አንድ ሰውዬ ለውሻው ልብስ አምጥቶባት ውሻ እንኳ ለክታለች። እህቷን ግን አንድ ቀን ሜትር አስነክታት አታውቅም። ካርቶኑ ላይ ያለችው እታለም ጠዋት ጠዋት ከበላይዋ ቆማ ፀጉሯን ታበጥርላት የነበረችው ናት፤ ልጅ ሆና አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ቀና ብላ ያየቻት። ይህን ሁሉ ዘመን የሰፋችው ለዚያች ነው። ስፌቱን በሐር ስታደርግ፣ በጥብጣብ ስታደርግ፣ ቁመቱን ጠይቃ አታውቅም። ብትጠይቅ መልስ ይመጣላ። መልስ ነበር የምትፈራው።

የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ተደግፋ ተንበረከከች።

«ጌታዬ» አለች። የሚቀጥለው ጠፋት። የሚሰማት ሰው ስለሌለ ለማሳመር አልሞከረችም። «ጌታዬ፣ ተናድጃለሁ። አፍሬያለሁም። እህቴን ስፈራ ኖርኩ፣ አንተንም በእሷ ልክ ሰፍቼህ ፈራሁህ። ጎሽ እንድትሉኝ ስሮጥ አረጀሁ። ደክሞኛል።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያ ሁሉ ዘመን ታቁሮ የቆየው ወረደ። ስታለቅስ ግን አንድ ነገር ገረማት። ውስጧን ገልብጣ ዘርግታዋለች፤ የተወላገደው ስፌት፣ የተቋጠረው ክር፣ ያ ሁሉ ማፈሪያ ደጅ ወጥቷል። የሚያየውም እያየው ነው። ግን አልተረተራትም። እንዲያውም ሙቀት የመሰለ ነገር ትከሻዋ ላይ ተሰማት፤ ልጅ ሳለች ጉንፋን ሲይዛት እታለም የምትደርብላት ብርድ ልብስ ዓይነት። ምን እንደሆነ ለማንም አስረድታ አታውቅም። አፍንጫዋን ተናፍጣ ተነሳች፣ ሱቁን ቆልፋ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

እታለም መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ የሹራቧን ቁልፍ ልትቆልፍ ትታገላለች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቁልፉ ቀዳዳውን ያልፈዋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው ብዙ ነው።»

«ሚጡ ነኝ፣ እታለም።»

«ኧረ! አለሽ? እኔማ ልቀብርሽ ጫማዬን እየፈለግኩ ነበር። ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ካልኩ አልናገርም። ቆሜ ልናገር።» ሰፊዋ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨበጠችው። «ጠርዙን የምትተረትሪው ለምንድን ነው? ከመጀመሪያው ቀሚስ ጀምሮ። እያየሁሽ። ቤተ ክርስቲያን አጠገብሽ ቆሜ፣ ከመዝሙሩ በፊት ዓይኔ እግርሽ ላይ ነው። በሐር ሰፋሁልሽ፣ በጥብጣብ ሰፋሁልሽ፤ ዓይኔ እስኪፈስ ሰፋሁልሽ። አንድ ቀን ጎሽ በይኝ ብዬ! እንደዚህ ነው የኖርኩት። ዛሬ ደግሞ 'ረዝሟት ነው' አሉኝ።»

«ያ ሰውዬ ነገረሽ? አደራ በላ!»

«እሱን ተዪው። እኔን መልሺልኝ።»

እታለም ቁልፉን ተወችው።

«መሬት ይጠርግ ነበር» አለች። «የመጀመሪያው። እንደዚያው ለብሼው ብወጣ የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ ሰብስቤ ነበር የእግዚአብሔር ቤት የምገባው።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ያንን ፊትሽን አይቼ? እየሮጥሽ እንደ ሻማ በርተሽ መጣሽ። 'ረዝሟል' ብልሽ እዚያው ትጠፊያለሽ። ቁጭ ብዬ አሳጠርኩት። በዓመቱም ያው፣ በዓመቱም ያው። እኔም እያጠርኩ፣ ቀሚሱም እየረዘመ። እንግዲህ መስፋቱ የእሷ ድርሻ ከሆነ ማሳጠሩ የእኔ ይሁን አልኩ።»

«እኔ ስፌቴን የናቅሽው መስሎኝ!»

«ስፌትሽን?» እታለም ከልቧ ገረማት። «አንቺ ከሰፋሽልኝ ሌላ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰፊዋ አሰበች። አላየችም።

«ለበስኩት እኮ! ከዚህ በላይ ምን አፍ አለ?»

«አለ እንጂ እታለም። ሰው ቃል ይፈልጋል።»

«ማን ሰጥቶኝ?» አለች እታለም፤ እንደ መቆጣት ብሏት ነበር፣ ድምጿ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «እናታችን ሳትለኝ ሞተች። የፋብሪካው አለቃ ስሜን የሚጠራው ቁልፍ ሲላላ ነበር። እኔን ማን ጎሽ አለኝና ነው ከየት አምጥቼ የምሰጥሽ?» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ብቻዬን ስጸልይ ግን ሳላነሳሽ ውዬ አላውቅም። 'ይህቺን ልጅ ስለሰጠኸኝ፣ እጇን ስለባረክኸው' እላለሁ። ለእሱ ከነገርኩት ለአንቺም የደረሰሽ ይመስለኝ ነበር።»

«አልደረሰኝም።»

«እንግዲያ መንገድ ላይ ቀርቷል።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባቸው። ሰፊዋ ሄዳ እግሯ ሥር ቁጭ አለችና የሹራቡን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ቆለፈችላት። ጭንቅላቷን እህቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

«አሁን ልበልሽ?» አለች እታለም። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ተስተካክላ ተቀመጠች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እንደገና ከፈተች።

ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻትና «ተይው፣ ተይው! ጥርስሽን የሚነቅሉሽ ነው የመሰልሽው» አለቻት። ስትላት ደግሞ ከልቧ ነበር። ያ ስንት ዓመት «ስጡኝ፣ ስጡኝ» ሲል የኖረ ሆዷ ጸጥ ብሏል። ቃሉ ከእሷ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ሲደርስ ኖሯል፤ ያ ይበቃታል።

«የሰውዬውን ቀሚስስ?» አለች እታለም። «ሄደሽ መልሺው፣ አንቺ ስፊልኝ።»

ሰፊዋ ያ ሰማያዊ ጨርቅ ታወሳትና ልቧ ወደዚያ ጎተታት። ግን የሰውዬው መነጽርም ታወሳት።

«ይጨርሰው» አለች። «ሰው የጀመረው ሥራ ከእጁ አይነጠቅም። ደግሞ ልክሽን እሱ ነው ያወቀው።»

የምስጋናው እሑድ እታለም ግራጫውን ለብሳ መጣች። ሰውዬው ሥራ ያውቃል፤ ትከሻው ተደላድሎ፣ ጀርባዋ የጎበጠበትን ቦታ ልብሱ እንደ መሸፈን ብሎላት፣ ቁመቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተቀምጦ። ሰፊዋ ዛሬ ከመዝሙሩ በፊት እግሯን አላየችም። ሰው ተነስቶ ቆመ፣ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ሰባኪው ደስታው ልክ አጥቶ «እንዴት ያለ ቀሚስ ነው የለበሱት! መቼም እህታቸው ናት የሰፋችው፤ እጇን ጌታ ይባርከው!» አለ። ጉባኤው በሙሉ ፊቱን ወደ ሰፊዋ መለሰና «አሜን!» አለ።

ያ ነበር የምትፈልገው። እንደዚያ ያለ አሜን ዕድሜ ልኳን ስትጠብቅ ኖራ፣ ሳትሠራ መጣላት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ አንገቷን ደፋ ብታደርግ እንኳ ትሕትና ይባልላታል። ተነስታ ቆመች።

«እኔ አይደለሁም» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «የማዶው ሰፊ ነው። የእኔ ይረዝምባት ነበር። እሱ ጥሩ ሰፊ ነው፤ የምታሰፉት ልብስ ያላችሁ እሱ ጋ ውሰዱ።»

ጉባኤው በሳቅ ሞላ። ባለቁልፏ ቀሚሷን ጎትታ አስቀመጠቻትና በጆሮዋ «አንቺ እብድ፣ ሱቅሽን በገዛ አፍሽ ዘጋሽው እኮ!» አለቻት። እታለም ከፊት ሆና ዞራ አየቻት። አልተናገረችም፤ ሰፊዋም አልጠበቀችም። ወንበሯ ላይ ደልደል ብላ ተቀምጣ ቀጣዩን መዝሙር ዘመረች። ድምጿ እንደ ልማዱ ተስረቅራቂ አልነበረም፤ ሁለት ቦታ ከዜማው ወጣች፣ ግድም አልሰጣት።

ሰኞ ማለዳ ሱቋን ሳትከፍት ሰማያዊውን ጨርቅና ሜትሯን ይዛ እህቷ ቤት ገባች።

«ተነሺ፣ ቁሚ» አለቻት።

«ደግሞ ለምኑ?»

«ልለካሽ ነው።»

እታለም ወንበሩን ተደግፋ እያጉረመረመች ተነሳች። ሰፊዋ የሜትሩን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ያዘችና በጀርባዋ በኩል ወደ ታች ለቀቀችው። የአጥንቷ ጉብታ በእጇ መዳፍ ሥር አለፈ፤ ምን ያህል እንደ ቀጠነች ያን ጊዜ አወቀች። ተንበርክካ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ደረሰች። እታለም ሚዛኗን ለመጠበቅ እጇን ታናሿ ጭንቅላት ላይ አሳረፈች። ሰፊዋ ቁጥሩን አይታው ጨርሳም ትንሽ እዚያው ቆየች።

«ምነው ቆየሽ? ምን ይላል?» አለች እታለም ከላይ።

ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት።

«አጥረሻል፣ እታለም» አለቻት። «በጣም አጥረሻል።»